በእግር ለተጓዘ የሚከፍል መተግበሪያ ይታመናል? የስቴፕን የጉዳይ ጥናት

«እየተራመዳችሁ ዶላር ሥሩ» የሚሉ መተግበሪያዎች ስማቸውን እየቀያየሩ በየዓመቱ ብቅ ይላሉ። ስለ እነሱ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ይከፍላል ወይ?» ነው የሚለው። ይህ ጥያቄ ብቻውን ሰውን ከኪሳራ አያድንም። እዚህ የምናየው ስቴፕን የተባለው መተግበሪያ በእርግጥ ይከፍል ነበር። ታዋቂ ባለሀብቶች ነበሩት፣ ጂፒኤሱ ይሠራል፣ የተገኘው ገንዘብም ወደ ዶላር ይለወጥ ነበር። ያም ሆኖ ገበያው በደራበት ሰሞን ከገቡት ብዙዎቹ ያወጡትን ሳይመልሱ ቀሩ። የለየለትን አጭበርባሪ ማወቅ ብዙ አይከብድም። ከባዱ እየከፈለ የሚያከስረውን ለይቶ ማወቅ ነው፤ ጉዳዩ የተመረጠውም ለዚህ ነው።

በጽሑፉ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ግለሰቦች በስም አልተጠቀሱም።

ዳራ

ስቴፕንን የሠራው መሠረቱ አውስትራሊያ የሆነ ፋይንድ ሳቶሺ ላብ የተባለ ኩባንያ ነው። ሥራው በ2021 ተጀምሮ በዓመቱ መጨረሻ ለሕዝብ ሙከራ ተከፈተ። የተገነባው ሶላና በተባለው የብሎክቼይን (ግብይት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚመዘገብበት የጋራ መዝገብ) መረብ ላይ ነበር። በጃንዋሪ 2022 ሴኮያ ካፒታል ኢንዲያ ካለበት የባለሀብቶች ቡድን 5 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በማርች 2022 ጂኤምቲ የተባለው ቶከኑ (በብሎክቼይን ላይ የሚገበያይ ዲጂታል ገንዘብ) ባይናንስ በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በኩል በ0.01 ዶላር መነሻ ዋጋ ቀረበ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው በኤፕሪል መጨረሻ 4 ዶላር ገደማ ደረሰ።

ሰው ለመራመድ መጀመሪያ ዲጂታል ጫማ መግዛት ነበረበት። ጫማው በመተግበሪያው ውስጥ ብቻ ያለ፣ ባለቤትነቱ በብሎክቼይን የተመዘገበ ምስል ነው። ያለ ጫማ አንድ ሳንቲም አይገኝም። በኤፕሪል 2022 የርካሹ ጫማ ዋጋ ከ10 ሶል (የሶላና መረብ ገንዘብ) በላይ ወጣ፤ ይህ በጊዜው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ ብናሰላው ከ50,000 ብር ያልፋል። ለመመዝገብም የማስገቢያ ኮድ ያስፈልግ ነበር። ኮዱን የሚያገኘው ውስጥ ካለ ሰው ወይም ከኩባንያው የማኅበራዊ ገጾች ነው። ኮድ ፍለጋው ራሱ ነገሩን የበለጠ ተፈላጊ አደረገው።

ገቢው እንዴት ይሰላ ነበር

ዝርዝሩን መያዝ ይጠቅማል፤ ሌሎች መተግበሪያዎችም ይህንኑ አሠራር በተለያየ ስም ይጠቀሙበታልና።

የሚከፈለው ለእርምጃ ብዛት አልነበረም፣ በጂፒኤስ ለተረጋገጠ ጊዜና ፍጥነት ነበር። ጫማዎቹ አራት ዓይነት ናቸው። ዎከር በሰዓት ከ1 እስከ 6 ኪሎ ሜትር፣ ጆገር ከ4 እስከ 10፣ ራነር ከ8 እስከ 20፣ ትሬነር ከ1 እስከ 20 ለሚጓዝ ሰው ነው። ፍጥነቱ ከተፈቀደው ክልል ከወጣ፣ ወይም ስልኩ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ሳተላይቱን ካጣ፣ የቀኑ ኮታ እየተበላ ገቢው ይቋረጣል።

የቀኑ ኮታ «ኃይል» ይባላል። አንድ ኃይል የ5 ደቂቃ ጉዞ ነው። አንድ ጫማ ያለው ሰው በቀን 2 ኃይል ያገኛል፤ 10 ደቂቃ ብቻ ማለት ነው። ሦስት ጫማ ያለው 4 ኃይል፣ ዘጠኝ ጫማ ያለው 9 ኃይል አለው። ኃይሉ በየ6 ሰዓቱ በሩብ እየሞላ ይመለሳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚራመድ የጉልበት ሠራተኛ አንድ ጫማ ቢኖረው ከ10 ደቂቃው በላይ ቤሳ አያገኝም። ገቢውን የሚወስነው የገባው ገንዘብ መጠን ነበር። «ለመራመድ ይከፍላል» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይናገርም።

ለተራመደው ሰው የሚከፈለው ጂኤስቲ በተባለ ሁለተኛ ቶከን ነው። ጫማው በተጓዙበት ቁጥር ያልቃል፣ ለማደስ ጂኤስቲ ይወጣል። የጥንካሬ ቁጥሩ ከ50 በታች ከወረደ ገቢው ይቀንሳል። ደረጃውን ከፍ ለማድረግም እንዲሁ ይከፈላል። ገንዘቡን ለማውጣት ደግሞ ጂኤስቲውን ከመተግበሪያው ሂሳብ ወደ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ማዛወር፣ እዚያ ወደ ዶላር ተመጣጣኝ ቶከን መለወጥ፣ ከዚያ ወደ ክሪፕቶ መገበያያ መላክ ያስፈልጋል። ለማስተላለፊያ የሚሆን ጥቂት ሶል ዋሌቱ ውስጥ ከሌለ ገንዘቡ ባለበት ይቀራል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። ጫማው 1,200 ዶላር ተገዛ እንበል። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ዎከር በአንድ ኃይል 4 ጂኤስቲ ገደማ ቢሰጥ የቀኑ 8 ነው፤ ለእድሳት 1 ሲቀነስ 7 ይቀራል። የአንድ ጂኤስቲ ዋጋ 6 ዶላር ሲሆን ቀኑ 42 ዶላር ይሆናል፣ ጫማው በ29 ቀን ራሱን ይመልሳል። ዋጋው 1 ዶላር ሲሆን 171 ቀን ይፈጃል። 10 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን ደግሞ ከ1,700 ቀን በላይ፣ አራት ዓመት ተኩል የሚያልፍ ጊዜ ነው። ሰውየው በሦስቱም ሁኔታ የተራመደው ያው 10 ደቂቃ ነው። «በወር ያወጣሁትን እመልሳለሁ» ብሎ የገባ ሰው ስሌቱ በዚያ ቀን ትክክል ነበር። የዛሬውን ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ማዋሉ ነው የጎዳው።

ችግሩ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር

ጂኤስቲ የመጠን ገደብ አልነበረውም። ሰው በተራመደ ቁጥር አዲስ ይፈጠራል። ዋጋው ጸንቶ እንዲቆም ደግሞ የሚገዛው ሰው መኖር አለበት። ከመተግበሪያው ውጭ ጂኤስቲ ለምንም አያገለግልም፤ ዳቦ አይገዛም፣ ካርድ አይሞላም። በዋናነት የሚፈልገው ሁለት ጫማ አዳቅሎ ሦስተኛ ለማውጣት የሚያስብ ተጠቃሚ ነበር። አንድ ጫማ እስከ 7 ጊዜ መዳቀል ይችላል። ማዳቀል የሚያዋጣው ግን የሚወለደው ጫማ የሚሸጥበት ዋጋ ከወጪው ሲበልጥ ብቻ ነው። ያን ጫማ የሚገዛው አዲስ የሚገባ ሰው ነው።

እንግዲህ ክሩን ተከትለን ስንሄድ የዛሬው ተራማጅ የሚያገኘው ዶላር ነገ ከሚገባው ሰው ኪስ የሚወጣ ሆኖ እናገኘዋለን። ነገሩን ዲጂታል ዕቁብ ያሉት ነበሩ፤ ይህ ዕቁብን መሳደብ ነው። በዕቁብ አባላቱ ይታወቃሉ፣ ዙሩ ያልቃል፣ ለመጨረሻውም ሰው ዕጣው ይደርሰዋል። እዚህ ግን ዙሩ የሚያልቀው አዲስ ሰው መግባት ሲያቆም ነው፣ ለመጨረሻው ሰውም የሚቀርለት ነገር የለም።

ኩባንያው በበኩሉ በጫማ ገበያው ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ የግብይትና 4 በመቶ የሮያሊቲ ክፍያ ይቆርጥ ነበር። ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም፣ ግብይት እስካለ ድረስ ኩባንያው ያገኛል። በ2022 ሁለተኛ ሩብ ዓመት 122.5 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ማግኘቱን ራሱ አስታውቋል። በዚያው ሩብ ዓመት ውስጥ በኤፕሪል መጨረሻ ከ8 ዶላር በላይ የነበረው የሶላና ጂኤስቲ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መውረዱ በአንድ ምክንያት ብቻ የመጣ አልነበረም። በሜይ 2022 መጀመሪያ ቴራ የተባለው የክሪፕቶ ፕሮጀክት ተንኮታኮተና መላው የክሪፕቶ ገበያ ተናጋ። በሜይ መጨረሻ ስቴፕን ከጁላይ 15 ጀምሮ በዋናው ቻይና ላሉ ተጠቃሚዎች አገልግሎቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ማስታወቂያው በወጣ ሰዓታት ውስጥ የቶከኖቹ ዋጋ ወረደ፤ ብዙ ጫማ በአንድ ጊዜ ለገበያ ቀረበ። በጁላይ ጂኤስቲ ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር፣ በዓመቱ መጨረሻ ከ5 ሳንቲምም በታች ወረደ። ከውጭ የመጡት ድንጋጤዎች ያደረጉት ውድቀቱን ማፋጠን ነው። ገቢው በአዲስ ሰው ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የሚገባው ሰው በቀነሰ ቀን መውረዱ አይቀርም ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ኩባንያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ይህን መመስከር ተገቢ ነው። በማስገቢያ ኮድ አዲስ ሰው የሚገባበትን ፍጥነት ለመገደብ ሞከረ። የማዳቀያ ወጪው ከቶከኑ ዋጋ ጋር አብሮ እንዲለዋወጥ አደረገ። ከትርፉ 5 በመቶውን ጂኤምቲ ገዝቶ ለማቃጠል፣ ማለትም ከገበያ ለዘለቄታው ለማጥፋት፣ አዋለ። በኤፕሪል ቢኤንቢ በተባለ ሌላ የብሎክቼይን ሰንሰለት ላይ የራሱ ጂኤስቲ ያለው ሁለተኛ የጨዋታ ዓለም ከፈተ። በኋላም ጫማው በአጠቃቀም «ጤናው» እየቀነሰ እንዲሄድ የሚያደርግ ሥርዓት ጨመረ፤ ዓላማው ቶከን የሚወጣበትን ተጨማሪ ቀዳዳ መፍጠር ነበር።

በጁን 2022 የማጭበርበር መከላከያ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ስልክ ውሻ ላይ አስረው የሚለቁ፣ በሐሰተኛ ጂፒኤስ ቤታቸው ተቀምጠው «የሚሮጡ» ሰዎች በዝተው ነበርና አስፈላጊ ነበር። ሥርዓቱ በወጣ ማግስት አገልጋዮቹ ላይ በተደጋጋሚ የመረጃ ጎርፍ ጥቃት ደረሰ፣ መተግበሪያውም ለሰዓታት ተስተጓጎለ።

የሠራውና ያልሠራው

ሐሰተኛ ተራማጆችን መቀነሱ በከፊል ተሳክቷል። ዋጋውም ነበረው፤ በእግራቸው በሐቅ የተጓዙ ሰዎች «አጠራጣሪ እንቅስቃሴ» ተብለው ገቢያቸው ዜሮ የሆነበት ጊዜ ነበር። ተጠቃሚው የሚሟገትበት መንገድ ጠባብ ነው። ዳኛውም ከፋዩም አንድ ድርጅት ነው።

ቶከን ማቃጠሉ፣ የወጪ ማስተካከያው፣ አዲሱ ሰንሰለት ግን ዋናውን ችግር አልነኩትም። ሁሉም የሚያደርጉት ውስጥ ያለውን ገንዘብ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ከውጭ አዲስ ገንዘብ የሚያመጣ አንድም አልነበረም። ጫማው ከቶከኑ ጋር አብሮ ረከሰ፤ «ቢበዛ ጫማዬን ሸጬ እወጣለሁ» ያለው ሰው የመውጫ በሩ ከገቢው ጋር አብሮ ተዘጋበት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሰላ ሰው ዕቃውንና ገቢውን ሁለት መድን አድርጎ መቁጠር የለበትም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚወድቁት።

ስቴፕን ግን አልጠፋም። በ2024 ከአዲዳስ ጋር ተባብሮ ዲጂታል ጫማ አውጥቷል፣ ስቴፕን ጎ የተባለ ሌላ መተግበሪያም ጀምሯል። መተግበሪያው በሕይወት መኖሩ ተጠቃሚው መጠቀሙን አያሳይም። በ2022 በ1,200 ዶላር የገዛ ሰው ዛሬም መተግበሪያውን ከፍቶ መራመድ ይችላል።

አንድ ሌላ ጉዳት ከኩባንያው ውጭ መጣ። በኤፕሪል 2022 ፔክሺልድ የተባለው የብሎክቼይን ደኅንነት ድርጅት የስቴፕንን መልክ አስመስለው የተሠሩ ድረ ገጾች መሰራጨታቸውን አስጠንቅቆ ነበር። ገጾቹ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ የሚጫን ሐሰተኛ የዋሌት ማከያ አስጭነው የዋሌቱን ምስጢራዊ ቃላት ይወስዱ ነበር። ቃላቱን የያዘ ሰው ዋሌቱን ይዟል። ኮድ ፍለጋ በየቴሌግራም ቡድኑ የሚዞር ሰው ለዚህ ዓይነቱ ወጥመድ የተመቸ ነው።

በማስታወቂያ የሚከፍሉትስ?

መግቢያ የማያስከፍሉ መተግበሪያዎች ገንዘባቸው ከማስታወቂያ ይመጣል። ይህ እውነተኛ ምንጭ ነው፣ ነገር ግን ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። የደቡብ ኮሪያው ካሽዎክ በየ100 እርምጃው 1 ካሽ ይሰጣል፣ የቀኑ ከፍተኛ 100 ካሽ ነው። አንድ ካሽ ከአንድ ዎን አይበልጥም። ስለዚህ 10,000 እርምጃ የሄደ ሰው ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ ያገኛል። ኩባንያው በስልኩ መቆለፊያ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ያሳያል፤ ሰውየው ሰዓት ለማየት ስልኩን ባበራ ቁጥር ያየዋል። ውሉ ግልጽ ነው፣ ክፍያውም ከውሉ ጋር ይመጣጠናል።

የእንግሊዙ ስዌትኮይን በ1,000 እርምጃ 0.95 «ስዌትኮይን» ይሰጥ ነበር፤ ይህ የራሱ ነጥብ እንጂ ዶላር አይደለም። ነጥቡ በመተግበሪያው ገበያ በቅናሽና በዕቃ ይለወጣል። በሴፕቴምበር 2022 ስዌት የተባለ ቶከን ሲያወጣ ብዙዎች ተደሰቱ፤ በተከታዩ ዓመት የአንዱ ቶከን ዋጋ ከ1 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። ያኔ ለነፃ ተጠቃሚ የሚቆጠረው የቀኑ 5,000 እርምጃ ነበር። በየ1,000 እርምጃው አንድ ሙሉ ቶከን ቢገኝ እንኳ ቀኑ ከ5 ሳንቲም፣ ወሩ ከ1.50 ዶላር አይዘልም። በተጨማሪም ቶከኑን ለማግኘት የሚያስፈልገው እርምጃ በጊዜ ሂደት እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ከእነዚህ የሚብሱም አሉ። በጃንዋሪ 2023 ዶክተር ዌብ የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ላኪ ስቴፕ፣ ላኪ ሃቢትና ዎኪንግጆይ በተባሉ ሦስት መተግበሪያዎች ላይ ሪፖርት አውጥቷል። በጎግል ፕሌይ ላይ በድምሩ ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረዱ ናቸው። ተጠቃሚው ነጥብ ያጠራቅማል፤ ሊያወጣ ሲጠይቅ በርካታ ማስታወቂያ እንዲያይ፣ ካየ በኋላም «ሂደቱን ለማፋጠን» ተጨማሪ እንዲያይ ይጠየቃል። ላኪ ስቴፕ ቀደም ሲል ነጥብን ወደ ስጦታ ካርድ የሚለውጥ አማራጭ ነበረው፤ በኋላ በመጣ ማሻሻያ አማራጩ ጠፋ፣ የተጠራቀመውም ባዶ ቁጥር ሆነ። ጎግል ፕሌይ ላይ መገኘትና የማውረድ ብዛት የእምነት ማስረጃ አለመሆናቸውን ይህ ጉዳይ በደንብ ያሳያል።

የራስን ገንዘብ አስይዞ መወራረድም አለ። ፓክት የተባለ የአሜሪካ መተግበሪያ የስፖርት ግቡን ያላሟላ ሰው በእያንዳንዱ ጉድለት ከ5 እስከ 50 ዶላር እንዲቀጣ፣ ያሟላው ደግሞ ከቅጣቱ ተካፋይ እንዲሆን ያደርግ ነበር። የሀገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግባቸውን ያሟሉትንና አገልግሎቱን ያቋረጡትን ሰዎች ጭምር አስከፍሏል ብሎ ከሰሰው፤ በ2017 ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቶ ከ900,000 ዶላር በላይ እንዲከፍል ሆነ። ተጠቃሚዎቹ ያሰጋቸው ግቡን አለማሟላት ነበር። ጉዳቱ የመጣው ግን የባንክ ካርዳቸውን በሰጡት በኩል ነው።

ክፍያው ጠንካራ መሠረት የሚኖረው ሰው መራመዱ ለከፋዩ ወጪ ሲቀንስለት ነው። ሲንጋፖር ከ2015 ጀምሮ ብሔራዊ የእርምጃ ውድድር አላት፤ የጤና ማስፋፊያ ቦርዱ ለተራመደ ዜጋ የግዢ ኩፖን ይሰጣል። በአሜሪካ ዩናይትድሄልዝኬር የተባለው የጤና መድን ድርጅት በአንዳንድ የሠራተኛ መድን ዕቅዶቹ ለእርምጃ ይከፍል ነበር። ግቦቹ ሦስት ነበሩ፦ በቀን ስድስት ጊዜ በ5 ደቂቃ ውስጥ 300 እርምጃ፣ በ30 ደቂቃ 3,000 እርምጃ፣ በቀን 10,000 እርምጃ። አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ በሥራ ቦታው መድን ካለው በቴሌግራም የመጣለትን መተግበሪያ ከመጫኑ በፊት ይህ ዓይነት ጥቅም በመድኑ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሰው ኃይል ክፍሉን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ክፍያው መጠነኛ ቢሆንም ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል።

ከመጫን በፊት ምን ይታይ

ከስቴፕን የሚወሰደው የመጀመሪያ ፈተና ከፋዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪ፣ መድን ድርጅት፣ መንግሥት፣ በጎ አድራጊ ከሆነ መልስ አለ። መልሱ «ቶከኑ ይጨምራል» ወይም «ሰው ሲበዛ ዋጋው ይወጣል» ከሆነ ከፋዩ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ነው። «መጀመሪያ ይህን ያህል ብር አስገባ፣ ደረጃህ ሲያድግ የቀን ክፍያህ ይጨምራል» የሚል ነገር ሲመጣ መራመዱ ሽፋን ብቻ ነው። በማስታወቂያ የሚተዳደር ሆኖ በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ የሚል ደግሞ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ከላይ እንዳየነው እውነተኞቹ የሚከፍሉት ሳንቲም ነው።

ቀጥሎ የማውጫው ወለል ይታይ። ዝቅተኛው ማውጫ 20 ዶላር ሆኖ ቀኑ 20 ሳንቲም ቢሆን 100 ቀን ነው። ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት በልግስና ሰጥተው ወለሉ ሲቃረብ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ገቢ በወራት ማባዛት አሳሳች ነው። ዳታውም ይቆጠር። ለአንድ ክፍያ 30 ቪዲዮ ማየት ቢያስፈልግና አንዱ 3 ሜጋባይት ቢበላ 90 ሜጋባይት ነው። ለዚያ ጥቅል የወጣው ብር ከሚገኘው ሽልማት ሊበልጥ ይችላል፤ በተለይ ዋይፋይ ለሌለው ሰው ይህ ስሌት ብቻውን ብዙዎቹን መተግበሪያዎች ይጥላቸዋል።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። እርምጃ ለመቁጠር አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ «የአካል እንቅስቃሴ» የሚባል ፈቃድ ይጠይቃል፤ በጂፒኤስ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የአካባቢ ፈቃድ ይጨመራል። ከዚህ አያልፍም። የጽሑፍ መልእክት ለማንበብ፣ የስልክ ማውጫ ለማየት፣ ወይም የተደራሽነት ፈቃድ የሚጠይቅ የእርምጃ መቁጠሪያ መጫን የለበትም። የቴሌብርና የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በጽሑፍ መልእክት ነው፤ የተደራሽነት ፈቃድ የተሰጠው መተግበሪያ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያለውን አንብቦ በሰውየው ምትክ ሊጫን ይችላል። በቴሌግራም በፋይል የሚላክ መተግበሪያ ከሆነ የፕሌይ ስቶርን ማጣሪያ እንኳ አላለፈም።

አካባቢን በተከታታይ መስጠትም ቀላል ነገር አይደለም። ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ በ2017 የተጠቃሚዎቹን መስመሮች ያለ ስም በካርታ ሲያወጣ፣ በ2018 መጀመሪያ ወታደሮች የሚሮጡባቸው የጦር ሰፈሮች ቅርጽ በካርታው ላይ ታይቷል። አንድ ሰው በየጠዋቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚመለስ የሚያውቅ መተግበሪያ ቤቱን ያውቃል። ቢያንስ የአካባቢ ፈቃዱ «መተግበሪያው በሥራ ላይ ሳለ ብቻ» በሚለው ላይ ይደረግ።

ማን እንደጋበዘ ማየትም አይዘንጋ። የክፍያ ስክሪንሾት ከመጋበዣ ኮድ ጋር ከመጣ የላከው ሰው ከምዝገባው ድርሻ አለው። ስክሪንሾቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፣ የስቴፕንም እውነት ነበር። ቀድሞ የገባ ሰው መከፈሉን ያሳያል እንጂ የሚቀጥለው ሰው እንደሚከፈል አያሳይም። በ2024 በሀገራችን ወጣቱን ሁሉ ስልክ ላይ ያስተከለው ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ የመግቢያ ክፍያ ስላልነበረው የብዙዎች ኪሳራ ጊዜና ዳታ ነበር፤ በሴፕቴምበር ቶከኑ ሲከፋፈል የደረሳቸው ድርሻ ለወራት ከጠበቁት ጋር አልተገናኘም። በስቴፕን ግን 50,000 ብር ቀድሞ ወጥቷል። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ስህተት ነው።

የክሪፕቶ ክፍያ ላለው መተግበሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ቶከኑን ወደ ብር የሚለውጠው ሰው ከማያውቀው ግለሰብ ጋር ነው የሚገበያየው። ቢጭበረበር ወይም ሂሳቡ ቢታገድ አቤት የሚልበት ቦታ ለማግኘት ይቸገራል።

አስቀድሞ ለገባ ሰው

መጀመሪያ የሚደረገው ተጨማሪ ገንዘብ ማስገባት ማቆም ነው። ቀጥሎ የሚፈቀደውን ትንሹን መጠን አውጥቶ በእጅ እስኪገባ መጠበቅ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ የሚታየው ቁጥር ገቢ አይደለም፤ ቴሌብር ወይም ባንክ ሲደርስ ነው ገቢ የሚባለው። ለማውጣት «ግብር»፣ «የማስለቀቂያ ክፍያ» ወይም «የማረጋገጫ ተቀማጭ» ከተጠየቀ ገንዘቡ የለም ማለት ነው፤ ክፍያው ሁለተኛ ኪሳራ ይጨምራል እንጂ የመጀመሪያውን አይመልስም።

የዋሌት ምስጢራዊ ቃላት ባልታወቀ ገጽ ላይ ተጽፈው ከሆነ የይለፍ ቃል መቀየር አይበቃም፣ ቃላቱ ራሳቸው ቁልፍ ናቸውና። በሌላ ስልክ አዲስ ዋሌት ከፍቶ የቀረውን ወዲያው ማዛወር ያስፈልጋል። የባንክ ወይም የቴሌብር የምስጢር ቁጥር ተሰጥቶ ከሆነ በዚያው ሰዓት ለተቋሙ ደውሎ ማሳገድ ይቀድማል።

ለመሰናበት ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በፕሌይ ስቶር ውስጥ የደንበኝነት ክፍያ ካለ ይሰረዝ፣ መተግበሪያውን ማጥፋት ብቻውን ክፍያውን አያቋርጠውምና። ከዚያ በመተግበሪያው ውስጥ «መለያ ሰርዝ» የሚለው ተመርጦ መረጃው እንዲጠፋ ይጠየቅ፣ ከስልኩ ቅንብር ፈቃዶቹ ይነሱ፣ መተግበሪያው በመጨረሻ ይራገፍ።